ኤአዩ ትናንት የነገርኩትን ዛሬ ለምን አያውቅም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ሆኜ ገላን አካባቢ ላሉ የሕንፃ መሣሪያ ሱቆች የሽያጭ መመዝገቢያ ሲስተም እሠራለሁ። ኮዱን የምጽፈው ከርሰር በሚባለው ኮድ የሚጽፍ የኤአይ ረዳት ነው። ጎበዝ ነው፣ ግን ያናድደኛል። የደንበኛ መመዝገቢያ ሥራልኝ ስለው «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን ይጨምራል። ወር ማስመረጫው ላይ 12 ወር ብቻ ይደረድራል። አስተካክለዋለሁ፣ በማግስቱ አዲስ ቻት ስከፍት ያንኑ ይደግማል። እስከ መቼ ስለምነው ልኑር?

መልስ፦ ወንድማችን፣ አልረሳም፤ ቀድሞውኑም አልያዘውም። አዲስ ቻት በከፈትክ ቁጥር ጠዋት ከመንገድ ዳር የተጠራ የቀን ሠራተኛ መጣልህ ማለት ነው፤ እጁ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ የትኛው ግድግዳ እንደሚፈርስ ግን ካልነገርከው አያውቅም።

የሚያስፈልግህ የደንብ ፋይል ነው። ፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ የሚቀመጥ ተራ ጽሑፍ ነው፤ ረዳቱ ሥራ ሲጀምር እሱን አንብቦ ከጥያቄህ ጋር ያያይዘዋል። ስሙ እንደየመሣሪያው ይለያያል። ከርሰር «ሩልስ» የሚባል ፎልደር አለው፣ ክላውድ ኮድ የሚባለው ሌላ ረዳት «ክላውድ ኤምዲ» የሚለውን ፋይል ይፈልጋል፣ ኮዴክስና ሌሎች ብዙ ረዳቶች ደግሞ «ኤጀንትስ ኤምዲ»ን።

ትልቁ ነገር ምን ይጻፍ የሚለው ነው። ብዙ ሰው «አንተ የ20 ዓመት ልምድ ያለህ ፕሮግራመር ነህ፣ ንጹህ ኮድ ጻፍ» ብሎ ይጀምራል። ቦታ ከመያዝ በቀር እምብዛም አይረባም። ኮዱን አይቶ ሊደርስበት የማይችለውን፣ አንተ ብቻ የምታውቀውን ጻፍለት። ያንተን እኔ ብጽፈው እንዲህ ይሆናል፦

«ደንበኛ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም አለው፤ የቤተሰብ ስም የሚል ሳጥን አይግባ። ቀን ዳታቤዝ ውስጥ በጎርጎርዮስ ይቀመጣል፣ ስክሪን ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይታያል። ወር 13 ነው፤ ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን አላት። ቀን የሚቀይረው ፈንክሽን ተጽፏል፣ ሌላ አትጻፍ። ዋጋ ወደ ሳንቲም ተቀይሮ በሙሉ ቁጥር ይቀመጣል። የሞባይል ቁጥር በ09 ወይም በ07 ይጀምራል። ሳታስፈቅደኝ አዲስ ላይብረሪ አትጫን።»

በፈንክሽኑ አጠገብ ፋይሉ ያለበትን ቦታ ጻፍለት፣ አለዚያ ሌላ የቀን መቀየሪያ ሠርቶ ያስቀምጥልሃል። 07ን ከዘለልክ ደግሞ የሳፋሪኮም ቁጥር ያለው ደንበኛህ «ስልክዎ ትክክል አይደለም» ሊባል ይችላል፤ የዚያን ቀን ባለሱቁ የሚደውለው ላንተ ነው።

አታስረዝመው። ፋይሉ በየቻቱ ስለሚገባ ሞዴሉ (ከረዳቱ ጀርባ ያለው ኤአይ) በአንዴ ሊይዝ ከሚችለው ላይ ይቀንሳል፣ ሂሳብም ይቆጥራል። ከርሰር ራሱ አንድ ደንብ ከ500 መስመር አይብለጥ ይላል፤ ለእኔ እሱም በዝቷል፣ ላንተ አንድ ገጽ ከበቂ በላይ ነው። ሲሳሳት ባየህ ቁጥር አንድ መስመር ጨምር፣ ያረጀውን አጥፋ። ደግሞ ብታዝንም ደንቡን በእንግሊዝኛ ብትጽፈው ይሻላል፦ የእኛ ፊደል ብዙ ቶክን (ሞዴሉ ጽሑፍን ከፋፍሎ የሚያነብበት ቁራጭ) ይበላል። ስክሪን ላይ የሚወጡትን ቃላት ብቻ በአማርኛ ተውለት።

አንድ ነገር ግን ልብ በል፣ ደንብ ቁልፍ አይደለም። «ይህን ፋይል አትንካ» ብለህ ጽፈህም አንዳንዴ ሊነካው ይችላል። የማይነካ ነገር ካለህ በመሣሪያው የፈቃድ ማስተካከያ ዝጋው። ፓስወርድ ደንቡ ውስጥ በፍጹም አትጻፍ፤ ፋይሉ ከኮዱ ጋር ጊት (የኮድ ለውጥ መዝጋቢ) ላይ ይወጣል።

ጽፈህ ስትጨርስ አዲስ ቻት ክፈትና «የደንበኛ ስም ስንት ሳጥን አለው?» ብለህ ጠይቀው። «ሁለት» ብሎ ከመለሰልህ ደንቡን አላነበበውም። የፋይሉ ስም በኤምዲሲ ማለቁንና «ሁልጊዜ ይግባ» የሚለው ምርጫ መብራቱን እይ።