ቀስት ለጀማሪ፦ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ መልስ

ቀስት ውርወራ ስለ መጀመር የሚጠይቀኝ ሰው እየበዛ ስለመጣ ጥያቄዎቻችሁን ሰብስቤ በአንድ ላይ እመልሳለሁ። የምኖረው ጀርመን ነው። ቀስት መገተር ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆኖኛል፤ ላለፉት 5 ዓመታት ደግሞ በሰፈራችን ክበብ ጀማሪዎችን አስተምራለሁ።

ጥያቄ፦ እርስዎ አንዴ «ቀስት»፣ አንዴ «ፍላጻ» ይላሉ። ልዩነቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ በዕለት ተዕለት ንግግራችን የሚበረውንም ቀስት እንለዋለን፤ የመንገድ ምልክት ላይ ያለውም ቀስት ይባላል። በጥንት ስሙ ግን ቀስት የጎበጠው፣ የሚገተረው ነው። ቀስተ ደመናን አስቡት፤ ስሙን ያገኘው ከጉብጠቱ ነው። የሚበረው ፍላጻ፣ የቀስቱን ሁለት ጫፎች የሚያያይዘው ገመድ ደግሞ አውታር ይባላል። እናቶቻችን ጥጥ የሚነድፉበትን ደጋን ያየ ሰው የቀስትን አሠራር አይቷል፤ እንጨቱ ጎብጧል፣ ጅማቱ ተወጥሯል፣ ሲመቱት ይነዝራል። ከዚህ በታች «እጀታ» ስል መሐል ላይ የሚጨበጠውን ክፍል፣ «ክንፍ» ስል ደግሞ ከእጀታው በላይና በታች ያሉትን ሁለት ተለጣጭ ክፍሎች ማለቴ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ኳስ ይጫወታል፣ ጉልበታም ነው። ባለ 40 ፓውንድ ቀስት ልገዛለት አስቤአለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እባክዎ አይግዙለት። ይህን ስህተት በየዓመቱ አያለሁ፤ ሁልጊዜም ያሳዝነኛል። «ቀስት አልወድም» ብለው ከክበባችን የሄዱ ልጆች አብዛኞቹ ከአቅማቸው በላይ የሆነ ቀስት ተገዝቶላቸው የመጡ ነበሩ።

ፓውንዱ የሚነግረን አውታሩን ለመሳብ የሚያስፈልገውን ጉልበት ነው። 40 ፓውንድ ማለት 18 ኪሎ ግራም ያህል ነው። በአንድ የልምምድ ቀን 100 ፍላጻ የሚያስፈነጥር ሰው ይህን ሸክም በሦስት ጣቱ 100 ጊዜ ይጎትታል። ልጁ ሦስት አራት ጊዜ ሊችለው ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ጀርባው ስለሚደክም በክንዱና በአንገቱ መሳብ ይጀምራል። ያ ልማድ አንዴ ከገባ ለማስለቀቅ ዓመት ይፈጃል።

በታችኛው ክንፍ ላይ ሁለት ቁጥሮች ተጽፈው ያገኛሉ። «68» እና «24» የሚል ከሆነ የቀስቱ ርዝመት 68 ኢንች ነው፤ አውታሩ 28 ኢንች ድረስ ሲሳብ ደግሞ 24 ፓውንድ ይከብዳል ማለት ነው። ክንዱ አጠር ብሎ 26 ኢንች ብቻ የሚስብ ልጅ በዚያው ቀስት የሚይዘው 20 ፓውንድ ያህል ነው፤ በእያንዳንዱ ኢንች ወደ 2 ፓውንድ ይቀንሳል። ለልጅዎ ከ14 እስከ 20 ፓውንድ ይበቃዋል። ጎልማሳም ቢሆን ከ18 እስከ 24 ባለው ቢጀምር ይሻለዋል። ክንፉ ከእጀታው የሚፈታ ቀስት ይምረጡ፤ ልጁ ሲጠነክር እጀታው ይቆይና ክንፉ ብቻ ይቀየራል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ቀስቱን ወደ ዒላማው አቅንቶ፣ ወደ ሰማይ ሳያነሣ፣ አውታሩን እስከ አገጩ ይሳብና እስከ 10 ይቁጠር። ትከሻው ወደ ጆሮው ከወጣ ወይም እጁ ከተንቀጠቀጠ ከብዶታል። ከዚያ ቀስ አድርጎ ይመልሰው፤ እንዳይለቀው።

ጥያቄ፦ ያለ ፍላጻ አውታሩን መልቀቅ ለምን ይከለከላል?

መልስ፦ አውታሩ ሲሳብ ክንፎቹ ጉልበት ያጠራቅማሉ። ሲለቀቅ ያን ጉልበት ይዞ የሚሄደው ፍላጻው ነው። ፍላጻ ከሌለ ጉልበቱ ተመልሶ ቀስቱን ይመታል። አንድ እሑድ እንግዳ ሆኖ የመጣ የእህቴ ልጅ ቀስቴን ከግድግዳ አውርዶ፣ ሳብ አድርጎ ለቀቀው። ደረቅ እንጨት ሲፈለጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር። የላይኛው ክንፍ ጫፉ አጠገብ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አወጣ። ጣቴን ሳሳልፍባት ትቧጥጠኝ ነበር። ልጁ ምንም አልሆነም፤ ክንፉ ግን ተጣለ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አውታሩን ሳልፈታ ነበር የሰቀልኩት።

ጥያቄ፦ ሪከርቭና ኮምፓውንድ የሚባሉት በምን ይለያያሉ? ለጀማሪ የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ሪከርቭ የክንፎቹ ጫፎች ወደ ፊት፣ ወደ ዒላማው የታጠፉ ቀስት ነው። በኦሊምፒክ እስከ ፓሪስ 2024 ድረስ በዘመናዊው ውድድር የምናየው እርሱን ብቻ ነበር፤ ርቀቱም 70 ሜትር ነው። ኮምፓውንድ በጫፎቹ መዘውር ያለው ሲሆን አውታሩ እስከ መጨረሻው ሲሳብ ሸክሙ በአብዛኛው ይቀልለታል። በሎስ አንጀለስ 2028 በወንድና ሴት ድብልቅ ቡድን ወደ ኦሊምፒክ ይገባል። ጣውላ የሚመስለው ረጅሙ ቀጥ ያለ ቀስት ደግሞ ሎንግቦው ይባላል። በእኔ አስተያየት በሪከርቭ ጀምሩ። ስህተታችሁን አይደብቅላችሁም፤ የሰውነት አቋም የሚማሩትም በእርሱ ነው።

ጥያቄ፦ ፍላጻ ልገዛ ስል 500፣ 700፣ 1000 የሚሉ ቁጥሮች አየሁ። ከፍ ያለው ይበልጣል?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ በጣም ደስ ይለኛል። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ዘንጉ፣ ማለትም ስለ ፍላጻው ረጅም አካል፣ ግትርነት ነው። ዘንጉ በ28 ኢንች ርቀት በተቀመጡ ሁለት መደገፊያዎች ላይ ይጋደምና መሐሉ ላይ 880 ግራም ይንጠለጠልበታል። ግማሽ ኢንች ከጎበጠ 500፣ አንድ ኢንች ሙሉ ከጎበጠ 1000 ይባላል። ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ዘንጉ ልል ነው።

ለምን ያስፈልጋል? ጣቶቻችን ሲፈቱ አውታሩ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት አይሄድም፤ ከጣቶቹ ጫፍ ላይ ሲንሸራተት ትንሽ ወደ ጎን ይወጣል። ከኋላው የተገፋው ፍላጻ በአንድ ወገን ይጎብጣል፣ ወዲያው ደግሞ በሌላው ወገን። በዚህ መወዛወዝ እጀታውን ዞሮ ሳይነካው ያልፋል። በዝግታ የተቀረጸ ፊልም ላይ ሲታይ እንደ ዓሣ እየዋኘ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ደጋግሜ አየሁት፤ ቀጥ ብሎ የሚበር መስሎኝ ዓመት ሙሉ ስተኩስ ከርሜ ነበር።

እንግዲህ ለቀላል ቀስት ግትር ፍላጻ ብትገዙ አይጎብጥላችሁም፤ በቀኝ እጁ የሚስብ ሰው ፍላጻ ወደ ግራ ይሄዳል። በጣም ልል ከሆነ ደግሞ ወደ ቀኝ። በጣም ልል ዘንግ በከባድ ቀስት ላይ ሊሰበርም ስለሚችል አደገኛ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት በጣቶቻችሁ የምትይዙትን ፓውንድና የምትስቡትን ርዝመት እወቁ፤ ሻጩ ሠንጠረዥ አለው። ርዝመቱን ለመገመት ሁለት ክንዶቻችሁን ዘርግታችሁ ከመሐል ጣት ጫፍ እስከ መሐል ጣት ጫፍ አስለኩና ለ2.5 አካፍሉት። ጀማሪ ከዚያ 2 ኢንች የሚረዝም ፍላጻ ይያዝ፤ አጭር ፍላጻ እጀታው ላይ ከሚያርፍበት መደገፊያ ወደ ኋላ ወድቆ እጅ ሊወጋ ይችላል።

ጥያቄ፦ ከሦስቱ ላባዎች የአንዱ ቀለም ለምን ተለየ?

መልስ፦ አቀማመጡን እንዳትስቱ ነው። በሪከርቭ ላይ ቀለሙ የተለየው ላባ ከእጀታው ተቃራኒ ወደ ውጭ ይዞራል።

ጥያቄ፦ ቀኝ እጄን ነው የምጠቀመው፤ አሠልጣኙ ግን የግራ ቀስት ሰጡኝ። ተሳስተው ይሆን?

መልስ፦ አልተሳሳቱም፣ እህቴ። የሚያነጣጥረው ዓይን ስለሆነ ከእጅ ይልቅ ዓይንሽ ይወስናል። ሁለቱን መዳፎችሽን አጋጥመሽ ትንሽ ቀዳዳ ሥሪና በሩቅ ያለ ነገር፣ የበር እጀታ ቢሆን፣ በሁለት ዓይንሽ እይበት። ከዚያ ቀኝ ዓይንሽን ጨፍኚ። የበሩ እጀታ ካልጠፋ የሚመራው ግራ ዓይንሽ ነው።

ጥያቄ፦ አውታሩ ክንዴን እየመታ አበለዘው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ቀስቱን የያዘው ክንድህ ክርን ወደ መሬት ዞሮ ይሆናል። መዳፍህን ግድግዳ ላይ አሳርፍና እጅህን ሳታነሣ ክርንህን ወደ ውጭ አዙረው፤ ያን ስሜት ቀስቱን ስትይዝ አምጣው። እስኪለምድህ የክንድ መከላከያ እሰር። ለጣቶችህም ቆዳ አድርግ፤ ባዶ ጣት ሲያመው አውታሩን እየነጠቀ ይለቃል።

ጥያቄ፦ ኦሊምፒክ ላይ ፍላጻው ከመሄዱ በፊት «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ምንድን ነው?

መልስ፦ ክሊከር ይባላል። እጀታው ላይ የተገጠመ ቀጭን የብረት ምላስ ነው፤ ፍላጻው በሥሩ ያልፋል። ተወዳዳሪዋ አውታሩን ስባ እጇን አገጯ ሥር ታሳርፋለች፤ አውታሩ አገጯንና የአፍንጫዋን ጫፍ ይነካል። ይህ በየጊዜው ሳይዛነፍ የሚደገም ማረፊያ መልሕቅ ይባላል። ከዚያ የቆመች ትመስላለች፤ ጀርባዋ ግን አሁንም እየሳበ ነው። የፍላጻው ጫፍ በቀሩት ጥቂት ሚሊሜትሮች ወደ ኋላ ሲያልፍ ምላሱ እጀታውን ይመታል፤ ቀጭ። ያን ጊዜ ጣቶቿ ይፈታሉ። እያንዳንዱ ፍላጻ በእኩል ርዝመት ተስቦ እንደሚሄድ የሚያረጋግጥላት ይህ ድምፅ ነው። ጀማሪ ግን ለመጀመሪያዎቹ ወራት ክሊከር አያስፈልገውም፤ ድምፁን እየጠበቀ ይደነግጣል።

ጥያቄ፦ ፍላጻው በሁለት ክቦች መካከል መስመሩ ላይ ቢያርፍ ስንት ይሰጠዋል?

መልስ፦ መስመሩን ከነካ ከፍተኛው ነጥብ ይያዝለታል። በ70 ሜትር ዒላማው 122 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ 10 የሚያሰጠው ክብ ግን 12.2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በፓሪስ 2024 የወንዶች ፍጻሜ ኮሪያዊው ኪም ዉ ጂንና አሜሪካዊው ብሬዲ ኤሊሰን 5 ለ 5 ወጥተው በአንድ ፍላጻ ተለያዩ። ሁለቱም 10 መቱ። የኪም ፍላጻ በ4.9 ሚሊ ሜትር ወደ መሐል ስለቀረበች ወርቁን ወሰደ።

ጥያቄ፦ በመተኮሻው ሜዳ የሚነፋውን ፊሽካ ትርጉም ይንገሩን።

መልስ፦ ሁለት ጊዜ ሲነፋ ወደ መስመሩ ቅረቡ፣ አንድ ጊዜ ሲነፋ ጀምሩ፣ ሦስት ጊዜ ሲነፋ ፍላጻችሁን ሰብስቡ። አምስት ጊዜና ከዚያ በላይ ከሆነ አደጋ አለ፤ የሳባችሁትን ቀስ ብላችሁ መልሱ፣ ፍላጻውን ከአውታሩ አውርዱ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 58 ነው፤ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የምንቀሳቀሰው። ዘግይቼ ይሆን?

መልስ፦ በፍጹም አልዘገዩም። የኒውዚላንዷ ኔሮሊ ፌርሆል በ1984 የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆና ተወዳድራለች። ያለ ክንድ የተወለደው አሜሪካዊ ማት ስታትዝማን ቀስቱን በእግሩ ይዞ በፓሪስ 2024 ፓራሊምፒክ ወርቅ አግኝቷል። ወደ ክበብ ሲደውሉ ስለ ወንበርዎ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ የክንፉ ጫፍ ጎማውን እንዳይመታ የቀስቱን ርዝመት አይተው ይመርጡልዎታል።

ጥያቄ፦ ከስንት ሜትር ልጀምር?

መልስ፦ ከ5 ሜትር። የዒላማውን ወረቀት አንሣውና ወረቀቱ ተለጥፎበት በነበረው ባዶ መደብ ላይ አስፈንጥር፤ ቀለም ካየህ ቁጥር ማሳደድ ትጀምራለህ። ስድስት ፍላጻ በአንድ መዳፍ ስፋት ውስጥ ሲያርፉልህ ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ሂድ። ከተበተኑ ተመለስ።