«የድብርት ልምዴ» ይባላል ወይ?

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ በአእምሮ ጤና ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ከዓመታት በፊት እኔም በድብርት ታክሜያለሁ። ለማስተርስ ጽሑፌ የራሴን ጉዳይ የጥናት መረጃ አድርጌዋለሁ፤ ስልቱ ኦቶኤትኖግራፊ ይባላል። ለባልደረቦቼ በአማርኛ ላቀርበው ስል ግን ቃል አጠረኝ። «የድብርት ልምዴ» ልበል? ደግሞስ «ታመምኩ» ይሻላል ወይስ «አጥኚዋ ታመመች»?

መልስ፦ ሲስተር፣ «የድብርት ልምድ»ን ይተዉት። ኮምቦልቻ ፋብሪካ በር ላይ የሚለጠፈውን የሥራ ማስታወቂያ ያስቡ፦ «2 ዓመት ልምድ ያላት»። ልምድ ከ«ለመደ» ነው የመጣው፤ ደጋግመው ሠርተው የሚያገኙት ነገር ነው። «የድብርት ልምድ አለኝ» ቢሉ ሲቪዎ ላይ ሊያስገቡት ያሰቡ ይመስላል። «ተሞክሮ»ንም ስብሰባ ወስዶታል። «ተሞክሮ ቀሰምን» ሲባል አበል ትዝ የሚለኝ እኔ ብቻ አይደለሁም።

የሚሻለው «ገጠመኝ» ነው። ቀረብ ብለው ይዩት። ስም መስሎ የተቀመጠ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ገጠመ፣ ማንን? እኔን። «የእሷ ገጠመኝ» ስንል እንኳ ያቺ «ኝ» አትለቅም። ባለቤቱ ሌላ ሰው ቢሆንም ቃሉ የሚናገረው በ«እኔ» አፍ ነው። ሬዲዮና ጋዜጣ ለሚያስቅ ወሬ ስለተጠቀሙበት አድማጭ ቀልድ ሊጠብቅ ይችላል። «የሕመም ገጠመኝ» ካሉ ግን ማንም አይሳሳትም።

የስልቱ ስም ከሦስት የግሪክ ቃላት የተሠራ ነው፦ ራስ፣ ሕዝብ፣ መጻፍ። አንትሮፖሎጂስቱ ዴቪድ ሀያኖ እ.ኤ.አ. በ1979 ሲጽፍበት የገዛ ወገንን ማጥናት ማለቱ ነበር፤ ኋላ ላይ ወደ አጥኚው የራሱ ሕይወት ገባ። «ግለ ታሪክ» ብለው እንዳይተረጉሙት። ግለ ታሪክ የሆነውን ይተርካል። የእርስዎ ጥናት ግን ከሆነው ነገር ተነሥቶ ስለ ክፍሉ፣ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ከተማው ይጠይቃል።

ደብዳቤዎ ላይ አንድ ነገር ጽፈዋል። ኪኒን ሲውጡ ያየች ባልደረባዎ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አብሽሪ» አለችዎት። ቃሉ ከዐረብኛ ነው፤ እዚያ «የምሥራች፣ ደስ ይበልሽ» ነው፤ ወሎ «አይዞሽ» አድርጎታል። ደግ ቃል ነው። ግን ወሬ ይዘጋል። ከ«አብሽሪ» በኋላ «ምን ሆነሽ ነው?» ብሎ የሚቀጥል ስንት ነው? ድምጿስ ለምን ዝቅ አለ? ጉንፋን ቢሆን ዝቅ ይል ነበር? የእርስዎ ጥናት የሚጀምረው እዚህ ላይ ይመስለኛል። «የግለ ገጠመኝ ጥናት» ይበሉት፤ የውጩን ስም አንዴ ጠርተው ይለፉ። «ይሄ ደግሞ ጥናት ነው?» የሚል ከተነሣ፣ አሜሪካዊቷን ነርስ ሂልደጋርድ ፔፕላውን ይጥቀሱለት። እ.ኤ.አ. በ1952 ባሳተሙት መጽሐፍ የነርስነትን እምብርት ያዩት በነርሷና በታካሚው ግንኙነት ውስጥ ነው። ነርሷ ራሷ ከመሣሪያዎቹ አንዷ ከሆነች፣ መሣሪያው ቢመረመር ምን ይገርማል?

«አጥኚዋ ታመመች» የሐሜት ቃና አለው። «ታመምኩ፣ ካርድ አወጣሁ» ይበሉ። ለስሜቱ ደግሞ አማርኛ ሌላ በር አለው፦ ጨነቀኝ፣ ከፋኝ፣ ሁሉ ነገር አስጠላኝ፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በነዚህ ውስጥ አድራጊው እርስዎ አይደሉም፤ እርስዎ የደረሰብዎት ነዎት። ከዚያ ተነሥተው «ታካሚዎች እንዲህ ይሰማቸዋል» እንዳይሉ ግን። የአንድ ሰው ገጠመኝ ያን ያህል አይሸከምም።

ስለ ባልደረባዎ ያልጠየቁኝን ልጨምር። ስሟን ቢደብቁም «አለችኝ» ካሉ ግሱ ሴት መሆኗን ይናገራል። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሴቶች ብቻ ካሉ ደግሞ ተገኘች ማለት ነው። «አብሽሪ ተባልኩ» ይበሉ።