ሮም ላይ ከግሉተን ነጻ የሆነ ምን ይበላል?

ሰላም እህቴ፣ ሴሊያክ (በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን አንጀትን የሚጎዳበት ሕመም) ያለበት ልጅሽን ይዘሽ ሮም ስትሄጂ ምን እንደምታበዪው ጠይቀሻል። የፓስታ አገር ነው ብለሽ አትስጊ። ጣሊያን ለሴሊያክ ሰው በጣም ከሚመቹት የአውሮፓ አገሮች አንዷ ናት። የሴሊያክ ማኅበራቸው ምግብ ቤቶችን አሠልጥኖ ይመዘግባል፤ ዝርዝሩን በስልክ መተግበሪያው ታገኚዋለሽ።

ምግብ ቤት ስትገቢ ገና ሳትቀመጪ «ሚዮ ፊሊዮ ኤ ቼሊያኮ» በያቸው። ልጄ ሴሊያክ አለበት ማለት ነው። አብዛኞቹ ወዲያው ይገባቸዋል። አንቺ ግን በዚህ ብቻ አታብቂ። ፓስታው በተለየ ድስትና በአዲስ ውሃ መቀቀሉን፣ ድንች ጥብሱም ዱቄት ወይም የዳቦ ፍርፋሪ ያለበት ምግብ በተጠበሰበት ዘይት አለመጠበሱን ጠይቂ። የፒዛ ምድጃውም የተለየ መሆኑን እንደዚሁ ጠይቂ።

ስማቸው የሚያሳስት ምግቦች አሉ። ኞኪ የሚባሉትን ትንንሽ ድቡልቡሎች የድንች ናቸው ቢሉሽም ብዙ ጊዜ የስንዴ ዱቄት አላቸው። ሱፕሊ የሚባለው ጥብስ ውስጡ ሩዝ ቢሆንም ውጪው የዳቦ ፍርፋሪ ነው። ፋሮ የስንዴ ዘር ነው፤ ኦርዞ የሚሉት «ቡና» ደግሞ ገብስ ነው።

ሱፐርማርኬትና ፋርማሲ ውስጥ «ሴንጻ ግሉቲኔ» (ግሉተን የሌለበት) የሚል ጽሑፍ ፈልጊ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ እንዲህ የተጻፈበት ምግብ በኪሎ ከ20 ሚሊግራም በላይ ግሉተን ሊኖረው አይችልም።

ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ። እዚያ እንጀራ አየሁ ብለሽ ዝም ብለሽ እንዳታጎርሺው! ውጭ አገር ጤፉን ከስንዴ ወይም ከገብስ ጋር መቀላቀል የተለመደ ነው። ንጹሕ ጤፍ መሆኑን፣ እርሾውንም ጭምር አጣሪ። የአውሮፕላኑን ምግብ ደግሞ ከጉዞው ቀናት ቀደም ብለሽ እዘዢለት።