ከክፍል ውጭ ስላለው የግቢ ሕይወት፤ የተማሪዎች ጥያቄና መልስ

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። በመምህርነት በቆየሁባቸው ዓመታት የተማሪዎችን ክበባት ሳማክር ኖሬያለሁ። ስለ ግቢ ሕይወት የልባችሁን ጠይቁኝ ባልኳችሁ መሠረት ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል ተደጋግመው የቀረቡትን እነሆ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቂሊንጦ በሚገኘው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ገና በመጀመሪያው ሳምንት አምስት ክበባት ውስጥ ተመዘገብኩ፤ አሁን ግን ለአንዱም ጊዜ አጣሁ። የትኛውን ልተው?

መልስ፦ አራቱን ተው። አንዱን ለመምረጥ ደግሞ “አንድ ቀን ብቀር ሥራው የሚጓደለው የትኛው ጋ ነው?” ብለህ ራስህን ጠይቅ። ስምህ መዝገብ ላይ ብቻ የሰፈረበት ክበብ የምስክር ወረቀት ያስገኝልህ ይሆናል እንጂ አያሳድግህም። የሚኒ ሚዲያውን ክፍል ቁልፍ የሚይዝ ወይም የቀይ መስቀል ክበቡን ገንዘብ የሚያወራርድ ተማሪ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ከሰው ጋር መሥራትን፣ ሒሳብ መያዝንና ቃል መጠበቅን ይለምዳል፤ እነዚህን ደግሞ የትኛውም ኮርስ በዚህ መልኩ አያስተምርህም።

ጥያቄ፦ ውጤቴ ቢወርድስ?

መልስ፦ የአንደኛ ዓመት ውጤት ዲፓርትመንት ለመምረጥ ስለሚያገለግል ስጋትህ ተገቢ ነው። ፈተና ሲቃረብ ኃላፊነትህን ለጓደኛህ በግልጽ አስረክብ፤ ሳይናገሩ መጥፋት ግን ነውር ነው።

ጥያቄ፦ ግቢያችን ከከተማው መሀል የራቀ ነው። ሙዚየሙም ቤተ መጻሕፍቱም ሩቅ በመሆኑ ቅዳሜና እሑድ ዶርም ውስጥ ተኝተን እንውላለን። ምን ይሻላል?

መልስ፦ በወር አንድ ቅዳሜ በቡድን ሆናችሁ በማለዳ ውጡ። አራት ኪሎ ስትደርሱ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተውን አብርሆት ቤተ መጻሕፍትን ታያላችሁ፤ ከዚያ በእግር ወደ ላይ ስትወጡ ድንቅነሽ የምትገኝበትን ብሔራዊ ሙዚየም፣ ትንሽ አለፍ ስትሉም ስድስት ኪሎ ቀድሞ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት በነበረው ሕንፃ ውስጥ ያለውን የኢትኖሎጂ ሙዚየም ታገኛላችሁ። ሁሉም በአንድ መንገድ ላይ ስለሆነ ከደርሶ መልስ ታክሲና ከመግቢያ ሌላ ብዙ ወጪ የለውም።

የቀሩትን ቅዳሜዎች በተመለከተ ግን ከከተማ ዳር መሆናችሁን እንደ ጉድለት አትቁጠሩት። በዙሪያችሁ ባሉት ኮንዶሚኒየሞች አስጠኚ የሚፈልጉ ብዙ ሕፃናት አሉ። የማማክራቸው ተማሪዎች በአንድ ወቅት ኮሚናል ውስጥ ልጆችን ያስጠኑ ነበር። አንዲት የ5ኛ ክፍል ልጅ ግማሽና ሩብ ሲደመር ሁለት ስድስተኛ ይሆናል ብላ ድርቅ አለች፤ ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደምራ ነው። የሚያስጠናት የምህንድስና ተማሪ ደጋግሞ ቢያስረዳትም አልገባትም። በመጨረሻ ከሱቅ ዳቦ ገዝቶ መጣና ግማሹንና ሩቡን ቆርጦ ፊቷ አስቀመጠ፤ ሌላ ዳቦ ደግሞ ስድስት ቦታ ቆራርጦ ሁለቱን ቁራሽ በጎኑ አደረገላት። ልጅቷ ሁለቱን ቁራሾች አየት አድርጋ “ይሄማ ከግማሹም ያንሳል!” ብላ ጮኸች። ያ ተማሪ ከዚያ ቀን በኋላ አንድም ቅዳሜ ቀርቶ አያውቅም።

ይህ ዓይነቱ አገልግሎት ለአገራችን አዲስ አይደለም። በቀድሞው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር እየወጡ ያገለግሉ ነበር፤ አብዛኞቹም አስተማሪዎች ነበሩ። እናንተ በሳምንት ሁለት ሰዓት ብትሰጡ አይበዛም።

ጥያቄ፦ እኔ የምመላለሰው ከኮዬ ፈጬ፣ ከቤተሰቦቼ ቤት ነው። ሲመሽ ታክሲ ስለማይገኝ ከክፍል በኋላ መቆየት አልችልም።

መልስ፦ ልክ ነሽ፤ በጨለማ መንገድ ላይ መቆም የለብሽም። የክበቡን ሰብሳቢ ስብሰባው በምሳ ሰዓት እንዲሆን ጠይቂ። ብዙ ክበባት ማታ የሚሰበሰቡት ዶርም የሚያድሩት ስለሚመቻቸው ብቻ ነውና፣ የሚጠይቅ ሰው ከተገኘ ሰዓቱ ይቀየራል።

ጥያቄ፦ ገንዘብ የለኝም።

መልስ፦ ኳስ ሜዳውም ቤተ መጻሕፍቱም በነጻ ነው። ዕድሜህ ከ18 ዓመት በላይ ከሆነና ጤነኛ ከሆንክ ደግሞ በየሦስት ወሩ ደም መለገስ ትችላለህ።

ጥያቄ፦ ዶርም የደረሰኝ ቋንቋቸውን ከማልሰማቸው ልጆች ጋር ነው። ዓይን አፋር ስለሆንኩ ከሰላምታ አላልፍም።

መልስ፦ ከሁሉም በላይ ደስ ያለኝ ይህ ጥያቄ ነው። ከአገሪቱ አራቱም ማዕዘን የመጡ ልጆች በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩበት ጊዜ ከግቢ ከወጣህ በኋላ ላይደገም ይችላል። ከአንዱ ጓደኛህ በየቀኑ ሦስት ቃል ተማር፤ አንተም የአንተን አስተምረው፤ ዓይን አፋር ለሆነ ሰው ከወሬ ይልቅ ትምህርት ይቀለዋል። ኦሮምኛ ከሆነ ደግሞ መለማመጃህ ከግቢው በር ላይ ይጀምራል። እኔ ራሴ የጀመርኩት በቱሉ ዲምቱ ጉልት ሽንኩርት ከሚሸጡ እናት ጋር ነበር። “መቃ?” ብዬ ዋጋ በጠየቅኳቸው ቀን ስቀው አነጋገሬን አረሙኝና ሁለት ራስ ሽንኩርት መረቁልኝ።