ቄሳር «ይጣል» አለ ወይስ «ተጥሏል»? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

የጥንት ግሪኮችንና ሮማውያንን የሕይወት ታሪክ በእንግሊዝኛ የምታነቡ ሰዎች የላካችሁት ጥያቄ ተጠራቅሟል። ዛሬ የተወሰነውን እመልሳለሁ።

የታላላቅ ግሪኮችንና ሮማውያንን ሕይወት ጥንድ ጥንድ አድርጎ የጻፈውን ግሪካዊ ደራሲ ፕሉታርክን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው ቴሴዎስ የተባለው የተረት ጀግና ላይ የደከማቸው አባት፣ ልተወው ወይ ይላሉ።

ቴሴዎስን ይተዉት እንጂ ፕሉታርክን አይተዉት። ታላቁ እስክንድርን ያንብቡ፣ ከዚያ ጥንዱን ዩልዮስ ቄሳርን። እስክንድር መግቢያ ላይ ደራሲው የሚጽፈው የጦርነት ታሪክ ሳይሆን የሰው ሕይወት እንደሆነ ይናገራል። የሰው ጠባይ ከታላቅ ውጊያ ይልቅ በአንዲት ቃል ወይም ቀልድ ሊታይ ይችላል ይላል። ይቺን ከያዙ ሌላው ይቀልዎታል።

«ፕሉታርክ» ነው «ፕሉታርኮስ»?

ሁለተኛው የግሪክኛው ነው። የፈለጉትን ይበሉ።

«ትርጉም ያው ትርጉም ነው፤ በነጻ ያገኘሁትን ባነብ ምን ይቀርብኛል?»

ብዙ ይቀርብዎታል! የቶማስ ኖርዝ የእንግሊዝኛ ትርጉም የታተመው በ1579 እ.ኤ.አ. ነው። ሼክስፒር ለሮማ ተውኔቶቹ የተጠቀመው እሱን ነው፤ ቋንቋው ይጣፍጣል። ግን ኖርዝ የተረጎመው ከግሪክኛ ሳይሆን ከዣክ አምዮ ፈረንሳይኛ ነው። በእንግሊዛዊው ገጣሚ ስም «የድራይደን» የሚባለውን ትርጉም ደግሞ ብዙ ሰዎች ተከፋፍለው ነው የተረጎሙት። ከአንዱ ሕይወት ወደ ሌላው ሲሻገሩ ድምፁ ቢለዋወጥብዎ ጥፋቱ የፕሉታርክ አይደለም።

አንድ ቦታ ላሳይዎ። ቄሳር የሩቢኮንን ወንዝ ሊሻገር ሲል የተናገረውን ሁላችንም እናውቃለን እንላለን። ፕሉታርክ ዘንድ በግሪክኛ «ጠጠሩ ይጣል» ይላል፤ ጠጠሩ የቁማር መጫወቻው ነው። ሮማዊው ጸሐፊ ስዌቶኒየስ ዘንድ በላቲን «ጠጠሩ ተጥሏል» ነው። የመጀመሪያው ሰው ዕድሉን ገና ሊሞክር ነው። ሁለተኛው ነገሩ ካለቀ በኋላ ይናገራል። ይህን ልዩነት ያልጠበቀ ተርጓሚ ሌላ ቄሳር ይሰጥዎታል፣ እርስዎም አያውቁም። ስለዚህ የሚወዱትን ምዕራፍ በሁለት ትርጉም ጎን ለጎን ያንብቡ። የፔሪን የእንግሊዝኛ ትርጉም የቆየ ስለሆነ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል፤ ለማነጻጸር ይበቃል።

አንዲት ተማሪ «አሬቴ» የሚለውን የግሪክኛ ቃል ከፕሉታርክ የእንግሊዝኛ ትርጉም ብቻ ተነስታ የመመረቂያ ጽሑፍ ልትሠራበት ነው።

እህቴ፣ እባክሽ እንዲህ አታድርጊ። ያ ቃል በአንዱ ገጽ «መልካም ምግባር»፣ በሌላው «ጀግንነት» ተብሎ ሊተረጎም ይችላል። ያኔ የምታጠኚው ፕሉታርክን ሳይሆን ተርጓሚውን ነው። ግሪክኛ የሚያነብ መምህር ሳታማክሪ ርእሱን አታስመዝግቢ። ካላገኘሽ ርእስሽን ቀይሪ።

ቄሳር ሲገደል ከገዳዮቹ አንዱን «ብሩቱስ፣ አንተም?» አለው የሚባለው እውነት ነው?

በላቲን ያገነነው ሼክስፒር ነው። ፕሉታርክ ቄሳር ብሩቱስን ሲያይ ልብሱን ራሱ ላይ ተከናነበ ነው የሚለው።

የግዕዙ «ዜና እስክንድር» ከፕሉታርኩ ለምን እንዲህ ተራራቀ?

የግዕዙ በዐረብኛ በኩል የመጣ ተረክ ነው፤ እዚያ እስክንድር እግዚአብሔርን የሚያመልክ ንጉሥ ነው። ለዝርዝሩ የግዕዝ ሊቃውንትን ይጠይቁ። የፕሉታርኩ እስክንድር ግን በግብዣ መሐል ተቆጥቶ ወዳጁን ክሌይቶስን በጦር ይወጋል። ወዲያው ጦሩን ነቅሎ በራሱ አንገት ላይ ሊሰካው ሲል ጠባቂዎቹ እጁን ይይዙታል። ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ፣ በማግስቱም ሲያለቅስ ይውላል።