እናቴን ለማስታመም የሕመም ፈቃድ መውሰድ እችላለሁን?

ጥያቄ፦ በጎንደር ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ ሆቴል በእንግዳ ተቀባይነት ስሠራ ሦስት ዓመት ሞልቶኛል። እናቴ ከቆላ ድባ መጥተው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለቀዶ ሕክምና ተኝተዋል፤ ከእኔ በቀር አስታማሚ የላቸውም። በአንድ ክሊኒክ የሚሠራ የማውቀው ሰው በእኔ ስም የሐኪም ፈቃድ ሊያጽፍልኝ ቃል ገብቷል። በዚህ ብጠቀም ያስጠይቀኛልን?

መልስ፦ እናትዎን ፈጣሪ ይማርልዎ። ወረቀቱን ግን አይቀበሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የሕመም ፈቃድ የሚሰጠው ሠራተኛው ራሱ ታሞ መሥራት ሲያቅተው ነው፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ሆነው የተቀመጡትም ለዚሁ ነው። ሐሰተኛ ማስረጃ እርስዎን ከሥራ ሊያሰናብት፣ የጻፈውንም ሊያስጠይቅ ይችላል። ጎንደርን ደግሞ ያውቋታል፤ ታመው ተኝተዋል በተባለበት ቀን ምሳ ዕቃ አንጠልጥለው ወደ ሆስፒታሉ ሲገቡ የሚያይዎ የሥራ ባልደረባ አይጠፋም።

የሚያዋጣዎ የአዋጁ አንቀጽ 81 ነው፤ ልዩና ከባድ ሁኔታ ያጋጠመው ሠራተኛ እስከ 5 ተከታታይ ቀናት ያለ ክፍያ ፈቃድ እንዲያገኝ መብት ይሰጣል፤ ይህም በአንድ የበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። የወላጅ ቀዶ ሕክምና፣ ያውም ሌላ አስታማሚ በሌለበት፣ ከዚህ ውጭ የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም። ያው አንቀጽ የቅርብ ዘመድ ሲሞት ደመወዝ የሚከፈልበት የ3 የሥራ ቀን ፈቃድ እየሰጠ፣ ያንኑ ዘመድ በሕይወት ሳለ ለማስታመም ግን ያለ ክፍያ ማለቱ፣ በእኔ አስተያየት፣ ሊታረም የሚገባው ጉድለት ነው።

ደመወዝዎ እንዳይቋረጥ ከፈለጉ የዓመት ፈቃድዎን ይጠይቁ። ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሆኖ በየሁለት ተጨማሪ ዓመት አንድ ቀን ስለሚጨመርበት፣ የእርስዎ 17 ቀን ይደርሳል፤ አሠሪው ከተስማማም ለሁለት ተከፍሎ ሊሰጥ ስለሚችል፣ ግማሹን እናትዎ ከሆስፒታል ወጥተው ለሚያገግሙበት ጊዜ ማቆየት ይችላሉ። ሆቴሉ የኅብረት ስምምነት፣ ማለትም ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር የተፈራረመው ውል፣ ካለው ከዚህ የተሻለ ነገር ሊኖርበት ስለሚችል ያስነብቡ።

ማመልከቻዎን ከመቅረትዎ በፊት በጽሑፍ ያስገቡ፤ እናትዎ መተኛታቸውን የሚገልጽ፣ በራሳቸው ስም የተሰጠ የሆስፒታል ማስረጃም አያይዙ። በእጅዎ በሚቀረው ቅጂ ላይ ተቀባዩ ቀንና ፊርማ ያኑርበት፤ በቃል የተሰጠ ፈቃድ ሥራ አስኪያጁ በተቀየረ ማግስት ያለ ፈቃድ እንደ መቅረት ሊቆጠርብዎ ይችላል።