ካርታዬ ለምን ዞረብኝ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ጀርመን አገር የማስተርስ ተማሪ ነኝ። አንድ ሰው ኤምአርአይ ውስጥ ተኝቶ፣ የፒዛ ቁራጭ የመሰለ ምስል ዓይኑ ፊት እየዞረ የቀዳነው ዳታ አለኝ። ምስሉ በ32 ሰከንድ አንድ ዙር ይጨርሳል። ፍሪሰርፈር በሚባለው የአንጎል ምስል መተንተኛ ሶፍትዌር የአንጎሉን ገጽ እንደ ፊኛ ነፍቼ፣ የትኛው ቦታ የትኛውን የእይታ አቅጣጫ እንደሚያይ በቀለም የሚያሳየውን ካርታ ስጭንበት ግን ግራ ገባኝ። የግራ አንጎል የሚያየው የቀኙን የእይታ መስክ ነው ተብለን ተምረናል፤ የእኔው ሲሶ ያህሉ የግራውን ቀለም ይዟል። ከዓይን የሚመጣውን መጀመሪያ የሚቀበለውን የአንጎል ገጽ ክፍል፣ የቪ1ን ድንበር የት ላስምር? እህታችሁ

መልስ፦ እህቴ፣ እርሳሱን ለጊዜው አስቀምጪው። ድንበሩ ገና ነው።

ኤምአርአይ የሚያየው የነርቩን ሥራ ራሱን ሳይሆን ተከትሎት የሚመጣውን የደም ለውጥ ነው፤ ደም ደግሞ ይዘገያል። 5 ሰከንድ እንበል። በ32 ሰከንድ 360 ዲግሪ ለሚዞር ምስል 5 ሰከንድ ማለት 56 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ስለዚህ ካርታሽ እንዳለ በዚያው ልክ ዞሯል። የቀኙ መስክ 180 ዲግሪ ነው። 56ን ለ180 አካፍይው እስኪ። ያልሽው ሲሶ ቁጭ!

መፍትሔው ምስሉን በሰዓት አቅጣጫም በተቃራኒውም እያዞሩ መቅዳት ነው። መዘግየቱ በአንዱ ካርታውን ወደ ፊት ከገፋው በሌላው ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ ሁለቱን ስታዋህጃቸው ይጣፋል። የተቀዳው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከሆነ ግምታዊ መዘግየት መቀነስ ይቻላል፤ ግን መዘግየቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ እኔ ብዙም አልወደውም።

ሌላም የምጠረጥረው ነገር አለ። ዳታውን ያለሰለስሽው (የጎረቤት ነጥቦችን ሲግናል ያማካኘሽው) የት ላይ ነው? ቪ1 በአብዛኛው የተኛው ካልካራይን በሚባለው ስንጥቅ ውስጥ ነው። የስንጥቁ የላይኛው ግድግዳ የታችኛውን መስክ ይይዛል፣ የታችኛው ግድግዳ የላይኛውን። ሁለቱ ፊት ለፊት ተጠጋግተዋል፤ ገጹን ተከትለሽ ከሄድሽ ግን ይራራቃሉ። ገጹ ላይ ከመጫንሽ በፊት በ3 አቅጣጫ ካለሰለስሽው የላዩና የታቹ ሲግናል ይቀላቀልና ካርታው ይደፈርሳል። ገጹ ላይ አለስልሺ፣ እሱንም በጥቂቱ።

አሁን ወደ ድንበሩ። ቀለሙ ምን እንደሆነ ሳይሆን የት ላይ እንደሚመለስ ነው የምታዪው። ከስንጥቁ ወለል ተነሺ፤ እዚያ ያለው የመስኩ አግድም መስመር ነው። በላይኛው ግድግዳ ስትወጪ ቀለሙ ቀስ እያለ ወደ ታችኛው ቀጥ ያለ መስመር ያመራል፣ እዚያ ሲደርስ ቆም ይልና በመጣበት ይመለሳል። የቆመባት ቦታ የቪ1 እና ቀጥሎ ያለው የእይታ ክፍል የቪ2 ድንበር ናት። ተመልሶ አግድሙ ጋ ሲደርስና እንደገና ሲዞር ሦስተኛው ክፍል ቪ3 ጀመረ ማለት ነው። በታችኛው ግድግዳም ነገሩ ያው ነው፣ ወደ ላይኛው ቀጥ ያለ መስመር መሄዱ ብቻ ይለያል።

ዓይንሽን ካላመንሽው፣ ማርቲን ሴሬኖና ባልደረቦቹ በ1995 እ.ኤ.አ. ሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጡት የፊልድ ሳይን ዘዴ አለ። ቪ1 መስኩን እንደ መስታወት ምስል ገልብጦ ይይዘዋል፣ ቪ2 ሳይገለብጥ፣ ቪ3 መልሶ ገልብጦ፤ ሶፍትዌሩ ይህንን አስልቶ በሁለት ቀለም ይለይልሻል። ለዚህ ግን የሚዞረው ምስል ብቻውን አይበቃም። ከመሃል ወደ ዳር የሚሰፋ ቀለበትም አሳይታችሁ መቅዳት አለባችሁ።

(በነገራችን ላይ የቪ1 ካርታ ያለ ምንም ስካነር ተስሏል። ታትሱጂ ኢኖዬ የተባለ ጃፓናዊ የዓይን ሐኪም በ1904 እና 1905 እ.ኤ.አ. የሩሲያና የጃፓን ጦርነት ጭንቅላታቸውን የቆሰሉ ወታደሮችን መረመረ። ጥይቱ የገባበትንና የወጣበትን ለክቶ፣ እያንዳንዱ ሰው ከእይታው የጎደለበትን ቦታ ከዚያ ጋር እያስተያየ ሥራውን በ1909 አሳተመ። ይገርማል እኮ!)

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ። የአንጎሉን ገጽ የሚሠራውን የፍሪሰርፈር ትእዛዝ፣ ሪኮን-ኦልን ማታ አስጀምሬ ስተኛ ሌሊት መብራት ጠፋ። ጠዋት እንደገና ሳዘው «እየሠራሁ ነው» ብሎ እምቢ አለኝ። ከዜሮ ልጀምር? ወንድማችሁ

መልስ፦ ኧረ አትጀምር! ብዙ ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ነው። አንጎሉ የተቀዳው ሰውዬ ፎልደር ውስጥ ስክሪፕትስ የሚል አለ፤ እዚያ ኢዝራኒንግ ብሎ የሚጀምር ፋይል ታገኛለህ። መብራቱ ድንገት ስለሄደ ሳይጠፋ የቀረ ነው። እሱን ሰርዝና ሪኮን-ኦልን «ሜክ ኦል» በሚለው አማራጭ እዘዘው። ያለቀውን አልፎ ከቆመበት ይቀጥልልሃል።